ወፍ ማባረሪያ

ሂርማታ ገበያ ጥግ፣ ከሸንኮራ ሻጮች ጀርባ፣
ዘንቦ ካባራም በኋላ ሳያቆም በሚያነባ
ቆርቆሮ ሥር ነው ሱቄ።
ስሜ ከበሩ ላይ ለቋል፣ በጅማ ዝናብ ተልጦ፣
«ካሴት እንቀዳለን» የሚለው ብቻ ቀርቷል አፍጥጦ።
ቻርጀር ስሸጥ፣ ስክሪን ስቀይር ስንቱ ክረምት አለፈ፤
መቅጃዬም ከጠረጴዛ ሥር አይጥ ወልዳበት አረፈ።

ሐሙስ ከሰዓት አንድ ተማሪ፣ ጢሙ ገና ያቆጠቆጠ፣
ሳልጋብዘው ገባና በርጩማዬ ላይ ተቀመጠ።
«አባባ፣ ካሴት አለ?» «የምን ካሴት?» «የድሮ!»
«ስልክህ የለም እንዴ፣ ስንት ሺህ ዘፈን አጉሮ?»
«እሱማ አለ፤ ግን እዘላለሁ፤ ጣቴ አያርፍም፤
አንዱን ሳልጨርስ ሌላ፤ ከሌላውም አላተርፍም።
ካሴት አያስመርጥም፤ መንገድ ነው፣ በእግር የሚሄዱት፣
የማይወዱትን አልፈው ነው የሚወዱት ጋ የሚደርሱት።»

ሳቅኩ። እንዲህ ያለ ነገር እኔ አስቤ አላውቅ፣
ሃያ ዓመት ስቀዳ፣ ቴፑ ሲበላብኝ ስጨነቅ።
«ለአንዷ አምስት መቶ ብር፣» አለ፣ «ጓደኞቼም ይገዛሉ።»
አምስት መቶ!
በአራት ብር የቀዳሁላቸው እስከ ዛሬ «ነገ» ይላሉ።

ምን ልበለው?
ካሴቶቼ ያሉት ዴዶ፣ ከእህቴ ማሳ ላይ ነው።
ሱቁን የክረምት ሻጋታ በነጭ ጸጉሩ ሲወርሰው
ሦስት ካርቶን አሽጌ ላክሁላት፤ «ወፍ ጨረሰኝ» ስላለች።
መፍቱሃም ክሩን ከሆዳቸው መዝዛ ከዱላ ዱላ ወጠረች።
ንፋስ ሲመጣ ያብረቀርቃል፣ ያፏጫል፤
ግሪሳው ተነሥቶ ይሄዳል፣ የጎረቤት እህል ይፈጫል።
ዘፈኑ፣ መንዙማው፣ የሰርጉ እልልታ ተጎልጉሎ፣
እርስ በርሱ ሳይስማማ አንድ ገመድ ላይ ተሰቅሎ።

ልጁ ከሄደ በኋላ፣ ሌሊት፣ ብንን አልኩ።
የሸምሱ ካሴት!
ታናሽ ወንድሜ ጽሕፈት ስለማይችል
ከጅዳ ድምፁን ልኮልን ነበር፣ «ደህና ነኝ» ሊል።
ከዚያ ወዲህ ድምፁም የለ፣ ስልኩም የለ፣ ወሬውም፤
ካርቶኑን ራሴ ነኝ ያሸግሁት፣ አንድም ሰው አልነካውም።

ማለዳ ዴዶ ወጣሁ፣ ከአይሱዙ ጭነት ጋር ተዳብዬ፤
«ማሽላዬን ልታስበላ ነው!» ብትለኝ፣ «ዝም በይ» ብዬ
ከዱላ ዱላ ፈታሁ፣ በክንዴ ላይ ጠቅልዬ።
በፌስታል ይዤ ተመለስኩ የጠዛ፣ የወፍ ኩስ፣ የጭቃ ክር፤
ሦስት ሌሊት ተቀመጥኩ በእስክሪብቶ ሳሽከረክር።
የተበጠሰውን በፕላስተር ሰፋሁ፤ ቴፑን ከአይጦቹ አስለቀቅሁ፤
ተጫንኩና፣ እንደ ተፈታኝ፣ እጄን አጣምሬ ጠበቅሁ።

ሹሹታ። ፀሐይ የበላው፣ ረጅም።
የማን እንደሆነ የማላውቀው ሰርግ፣ ቁራጭ።
ደግሞ ዝናብ፤
ከክሩ ይሁን ከቆርቆሮው፣ አልለየሁትም።
ከዚያ ሰው፦
«አንድ፣ ሁለት። ሙዘይን ነኝ። ሙከራ። ይቀዳል እንዴ?»
የራሴ ድምፅ፤ ቀጭን፣ ጎረምሳ፣ ዕዳ የሌለበት።
ከኋላዬም አንድ ሰው ይስቃል፤
አፉን በእጁ ሸፍኖ፣ እንዳይሰማ።
ሸምሱ ነው ብዬ አልምልም። ሳቅ ስም አይጻፍበትም።
ሦስት ሰከንድ ነው፤ ፕላስተሩ ጋ ሲደርስ ይቆረጣል።
ወደ ኋላ መለስኩት። ደግሞ መለስኩት።
ክሩ እየሳሳ ነው፤ አውቃለሁ።

በሐሙሱ ልጁ መጣ። «ተገኘ፣ አባባ?» «ሰርግ አለኝ፣
የማን እንደሆነ አልጠየቅህ፤ ብትጠይቀኝም ጠፋኝ።»
«ያኛውስ፣ ቴፑ ውስጥ ያለው?»
«እሱ ገና አልደረቀም።»
ዋጋውን ሲጠይቀኝ አፌ የለመደውን አወጣ፦ «አራት ብር።»
ኪሱን ዳሰሰ፤ ስልኩ ውስጥ እንጂ እጁ ላይ ገንዘብ አልነበር።
«ዝርዝር የለኝም፤ ነገ» አለ።
አሮጌውን ደብተር ገለጥኩ፣ ከስንቱ ስም ግርጌ፦
ሶሬሳ፣ አራት ብር።